የመርከቧ ጌም የተዘጋ ጊዜ

አንድ ቀን እታለም ከሥራ ስትመለስ በብብቷ ታብሌት ይዛ መጣች። እታለም የምላት በዕድሜ ታላቄ ስለሆነች ነው። ሻርጃ፣ አል ናህዳ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ባለ ሁለት ደርብ አልጋ ተጋርተን ነበር የምንኖረው፤ እሷ ከታች፣ እኔ ከላይ። እሷ ዱባይ፣ ሚርዲፍ አንድ ቪላ ውስጥ በተመላላሽ ትሠራለች፤ እኔ ኡድ ሜታ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። በሁለታችን እጅ ታብሌት ገብቶ አያውቅም።

«የማን ነው?» አልኳት።

«የማዳም። አዲስ ሹግል ተጨምሮብኛል።»

«የምን ሥራ?»

ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ዶሮ መመገብ» አለች።

ማዳም ዶሮ እንደሌላት አውቃለሁ። ያ ቪላ ውስጥ ከማዳም ሌላ ያለው ነፍስ አንዲት ሰነፍ ድመት ብቻ ናት። እታለም ግን ስትቀልድም ሳትቀልድም ፊቷ አንድ ዓይነት ስለሆነ ጠበቅኩ። ታብሌቱን ከፈተችው። ሰማያዊ ባሕር ላይ አንዲት ትንሽ መርከብ ቆማለች፤ መርከቧ ላይ ዶሮዎች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እታለም የአንዷን ጭንቅላት በጣቷ ስትነካው ጥሬ ፈሰሰ፤ ዶሮዋ በላችና አንድ ጊዜ ዘለለች።

«አሁን ጠገበች» አለችኝ።

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጌም ነበር። አራት ሰው በአንዲት መርከብ ተሳፍሮ ባሕር ይወጣል፤ ዓሣ ያጠምዳል፤ አንዳንዴ ከሥር ብቅ ከሚል ባለ ስምንት እግር አውሬ ጋር በመድፍ ይዋጋል። የሚጫወቱት ሰዎች በየአገሩ ያሉ እውነተኛ ሰዎች ናቸው። ጌሙ በየቀኑ ከቀትር በፊት ለከፈተው ሰው ስጦታ ይሰጣል፤ አንድ ቀን የዘለለ ሰው ግን ሰንሰለቱ ይቆረጥበትና እንደ አዲስ ይጀምራል። ማዳም ጠዋት ጠዋት ሥራ ላይ ናት። ስለዚህ ስጦታውን መቀበልና ዶሮዎቹን መመገብ፣ መስኮት ከማጽዳት ቀጥሎና ልብስ ከመተኮስ በፊት፣ የእታለም ሥራ ሆነ። በማግስቱ ዕረፍቷ ስለነበር ነው ታብሌቱ ሻርጃ ድረስ የመጣው።

«ማዳም ክፉ ሰው አይደለችም» አለች እታለም። «እህቷ በዚህ ነገር በልጣት እልህ ይዟት ነው። እኔ እያለሁ ሰንሰለቱ ከተቆረጠ ግን ሙሽኪላ ነው፣ ጣጣ።»

በማግስቱ ቅዳሴ ደርሳ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታወርድ ዶሮዎቹን መገበች።

እኔ ጌሙን ስልኬ ላይ የጫንኩት ለእሷ ብዬ አልነበረም። ከክሊኒኩ ስወጣ ወደ አል ናህዳ የሚመለሰው አውቶቡስ ዱባይና ሻርጃ ድንበር ላይ ሲደርስ እንደ ሐውልት ይቆማል። ከጎኔ የሚቀመጠው ሰው ሁሉ ይተኛል ወይ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። እንቅልፍ ስለማይወስደኝ አቀረቀርኩ። በሳምንቱ ከእታለምና ከማዳም ጋር አንድ መርከብ ላይ ነበርኩ።

አራተኛው ሰው ጌሙ ራሱ ከየትም ፈልጎ የሚሞላልን እንግዳ ነበር፤ የሚመጣው ሁሉ መርከቧን ድንጋይ ላይ እያወጣ ይሄድብን ጀመር። ማዳም ሰለቻት። አንድ ቀን ሾፌሯን ጠርታ ስልኩን ተቀበለችውና ራሷ ጌሙን ጭናበት መለሰችለት።

ሾፌሩ የእኛው አገር ሰው ነው፣ ከወላይታ። አጅማን ይኖራል፤ እሁድ እሁድ በኪራይ አዳራሽ በሚያመልኩት ጉባኤ ውስጥ ዘማሪ ነው። እታለም እንደነገረችኝ መጀመሪያ ስልኩን በሁለት ጣት እንደ ትኩስ ድንች ይዞ ቆመ።

«እታለም፣ ይኼ የዓለም ነገር ነው» አላት። «ጊዜ ይበላል።»

«ዓሣ ማጥመድ ነው እኮ» አለችው። «ሐዋርያቱስ ምን ነበሩ?»

«እነሱ ትተውት ነው የተከተሉት» አለ።

«አንተም ስትጨርስ ትተዋለህ።»

ተቀመጠ። ከመካከላችን በመድፍ አነጣጥሮ የማይስተው እሱ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ትዝ ሲሉኝ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ማዳም ከሥራ ተመልሳ ሳሎን ትቀመጣለች፣ እታለም ወጥ ቤት፣ ሾፌሩ በር ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፣ እኔ አውቶቡስ ላይ። ማዳም ከሳሎን «ያላ፣ ግራ፣ ግራ» እያለች ትጮሃለች፤ እታለም በወጥ ቤቱ መስኮት ለሾፌሩ ታስተላልፋለች፤ ሾፌሩ መድፉን ተኩሶ ሲመታ የመኪናውን ጥሩምባ አንድ ጊዜ ይነፋል። ጎረቤት ያለችው ፊሊፒናዊት ሠራተኛ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ «ደህና ናችሁ?» ብላ ጠይቃለች። እኔ ደግሞ ድምፃቸው ስለማይሰማኝ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነበር የምዞረው። መውረጃዬን አልፌ ስንት ጊዜ በእግሬ እንደተመለስኩ አልቆጠርኩትም።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች ግን አርፈው አይቀመጡም። በየጊዜው «አዲስ ነገር አምጥተናል» ይላሉ። አዲሱ ነገር ደግሞ በመጣ ቁጥር ስልክ ውስጥ ቦታ ይፈልጋል። እታለም ታብሌቱ የሰው ስለሆነ ጌሙን በራሷ ስልክ ላይም ጭናው ስለነበር፣ ቦታ ለማግኘት የእህቷን ልጅ የሠርግ ፎቶዎች ስትሰርዝ አየኋት።

«ኧረ እታለም፣ ሠርግ እኮ ነው።»

«ተጋብተዋል እኮ፤ አሁን ምን ያደርግላቸዋል» አለች።

መጀመሪያ የመጣው ኮፍያ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ኮፍያ፤ ሐብሐብ የሚመስል፣ ጀበና የሚመስል፣ ሌላ ኮፍያ የሚመስል። ቀጥሎ በአንዱ ለውጥ ላይ ምን እንደነኩ አይታወቅም፣ ጌሙ ውስጥ ያሉ ሴቶች ሁሉ ጢም አበቀሉ። የእታለም እስከ ደረቷ ወረደ። የማዳም ደግሞ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነበር። ማዳም ታብሌቱን ይዛ ወጥ ቤት ገብታ እታለም ፊት ቆመች፤ ሁለቱም የየራሳቸውን ጢም ተያዩ። «ዋላሂ፣ አባቴን መስያለሁ» አለች ማዳም፣ በሐዘን። ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀና ጢሙ እስኪነሳ ድረስ ለያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ማበጠሪያ በነጻ አደለ።

ከጢሙ ይልቅ የጎዳን መኪናው ነው። በዚያ ሰሞን የመኪና እሽቅድምድም ያለበት ሌላ ጌም ሰውን ሁሉ ወስዶ ነበርና የእኛዎቹም መርከቧ ላይ መኪና ጫኑባት። መርከብ ላይ መኪና ወዴት ይነዳል? ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ መኪና ነድቶ ሲያርፍ እንደገና መኪና ሲያቀርቡለት በጣም ተከፋ። ለመኪናው ቦታ ለማስለቀቅ ደግሞ ዶሮዎቹን ከመርከቧ አውርደው ደሴት ላይ አሰፈሯቸው። እታለም አሁን እነሱን ለመመገብ በየጠዋቱ ባሕር ማቋረጥ ነበረባት። ልብሱ ሳይተኮስ የቀረው በዚያ ሰሞን ነው፤ ማዳም የተጨማደደ ቀሚስ ለብሳ ቢሮ ሄደች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሰው መቀነሱን ያወቅነው በባሕሩ ነው። በፊት የትም ብንዞር መርከብ ነበር። እያደር ጭር አለ። ከመካከላችን አንዱ ሲቀር የሚሞላልን እንግዳ አይገኝም፤ ጌሙ «በመፈለግ ላይ» እያለ ይሽከረከራል፤ በመጨረሻ ራሱ ሮቦት ይልክልናል። ሮቦቱ መልካም ጠባይ አለው፣ ሥራ ግን አያውቅም። ባሕሩ መካከል መልሕቅ ጥሎ ያጨበጭባል። እታለም «ይህን ልጅ ማን ቀጠረው?» ትል ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ስልኬን ስከፍት፣ በመርከቧ ፋንታ ጽሑፍ መጣ። አብራችሁን ስለተጓዛችሁ እናመሰግናለን፣ ጌሙ በሚቀጥለው ወር ይዘጋል የሚል ነው። ማታ ለእታለም ተርጉሜ አነበብኩላት። እንድደግምላት ጠየቀችኝ። ደገምኩላት።

«ይዘጋል ማለት ሱቁ ነው ወይስ ባሕሩ?» አለች።

«ሁሉም።»

«ዶሮዎቹስ የት ሊሄዱ ነው?»

በማግስቱ እታለም ሚርዲፍ ስትደርስ ማዳም ከሥራ ቀርታ አገኘቻት። ሶፋው ላይ አልነበረችም፤ ወጥ ቤት ወለል ላይ፣ ከማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ፣ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ ነበር። እታለም አጠገቧ ተቀመጠች። ለምን ይዘጉታል ተባባሉ፤ ሁለቱም አያውቁም።

የሚያውቅ ሰው ያገኘሁት እኔ ነኝ፣ ያውም በሥራ ላይ። ጉንጩ እንደ ዳቦ ያበጠ ሰው ክሊኒካችን ገባ፤ በትከሻው ባንጠለጠለው ቦርሳ ላይ የእኛ ባለ ስምንት እግር አውሬ ታትሟል። አስመዘገብኩት፤ ዶክተሯ ማደንዘዣ ወግታው እስኪሠራ ድረስ ወጥቶ እንዲጠብቅ አደረገችው፤ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ጌሙን ትጫወታለህ?» አልኩት።

«እዚያ ነው የምሠራው» አለ። ዱባይ ባለው ቢሯቸው ለተጫዋቾች የሚላኩትን መልእክቶች በአረብኛ የሚጽፈው እሱ ነበር። የጢሙን ይቅርታም የጻፈው እሱ ነው። ማበጠሪያው የእሱ ሐሳብ መሆኑን ሲነግረኝ ትንሽ ኮራ አለ።

«ለምንድን ነው የምትዘጉት?»

ማደንዘዣው መሥራት ጀምሮ ነበርና ከንፈሩ ወደ አንድ ወገን ወረደ። «ሸልወሎቹ» አለ።

«ማን?»

«ሸልወሎቹ።» በእጁ ሣጥን ሠራ። ሰርቨሮቹ ማለቱ ነው፤ ጌሙን የሚያንቀሳቅሱት ትልልቅ ኮምፒውተሮች።

ምራቁን በመሐረብ እየጠረገ የነገረኝን እኔ አስተካክዬ ልጻፈው። እነዚያ ኮምፒውተሮች ተጫዋች ቢኖርም ባይኖርም ሌትና ቀን ይሠራሉ፣ ሰው ይጠብቃቸዋል። ኩባንያው ደግሞ ሰው ሁሉ በየቀኑ ይመጣል ብሎ ነው የጀመረው። አዲስ ነገር ካላመጡ ሰው ይሰለቻል፤ ሲያመጡ የነበረው ሰው ይቆጣል። ሌሎቹ ጌሞችም ሁሉ በየቀኑ ኑ ይላሉ፣ ሰው ግን ከሥራ በኋላ ያለችው ጊዜ ያችው ናት። ሰው ሲያንስ መርከቡ አይሞላም፤ መርከቡ አልሞላም ብሎ ደግሞ የቀረው ይሄዳል።

«መኪናውስ?» አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። «ስለ መኪናው ስብሰባ ነበረ» አለ። «እኔ ዶሮዎቹን አትንኩ ብያለሁ።» ዶሮዎቹን ሲል «ዶዎቹን» ነበር የሚለው። ከዚያ ዶክተሯ ጠራችው።

ይህን ለእታለም ነገርኳት፤ ባልነግራት ይሻል ነበር። ሰውየው ለምርመራ የሚመለስበት ቀን የዕረፍት ቀኗ ነበረ። ደህና ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላ ደርባ፣ ከእሱ ቀድማ ክሊኒኩ ውስጥ ተገኘች። ሲገባ በወጥ ቤት አረብኛዋ ሰላም አለችው፣ ጥርሱ እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው፣ እግዚአብሔር ይማርህ አለችው። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«የኔ ልጅ፣ ማጥፊያውን የምትጫነው አንተ ነህ?»

«አይደለሁም እናቴ። ሌላ አገር ያለ ሰው ነው።»

«ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«እስቲ ደውልለት።»

እኔን አየኝ። እኔ ኮምፒውተሬን አየሁ። ምን እንደነካው አላውቅም፣ እውነትም ደወለ። በእንግሊዝኛ ጥቂት አወራ፣ «አዝናለሁ፣ አዝናለሁ» እያለ ቆየና ዘጋው።

«ምን አለ?» አለች እታለም።

«እሱንም ከሥራ አሰናብተውታል። እኔም እስከዚያው ቀን ድረስ ነኝ።»

እታለም የመጣችው ልትወቅሰው ነበር፤ አሁን ደግሞ አዘነችለት። ቦርሳዋን ከፍታ ለራሷ የያዘችውን ቆሎ በሶፍት ጠቅልላ ሰጠችው። ዶክተሯ ከኋላ ቆማ «ቆሎ አይችልም፣ ገና አልዳነም» አለች። እታለም ቆሎውን መልሳ ወስዳ በፋንታው ሙዝ ሰጠችው። «የሚዘጋበት ቀን አብረን እንሆናለን፣ አንተም ና» አለችው።

የሚዘጋው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ቀኑም እሁድ ዋለ። ሾፌሩ ከጉባኤው ሲወጣ አጅማን ባሕሩ ዳር እንገናኝ ተባባልን። ማዳም በገዛ መኪናዋ ራሷ ነድታ ስትመጣ ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ በስልክ ሲመራት ነበር። ምንጣፍ አነጠፍን። ሰውየው ጉንጩ ጎድሎ፣ ያንኑ ቦርሳ ይዞ መጣ። ማዳም ማን እንደሆነ ስትሰማ መጀመሪያ ፊቷን አዞረች፤ ማበጠሪያውን ያሰበው እሱ መሆኑን ስነግራት ቴምር አቀረበችለት።

መርከባችንን ይዘን ወጣን። ባሕሩ ሙሉ ነበር። ዓይናችን እስኪያይ ድረስ መርከብ፤ ትተውት የሄዱት ሁሉ ተመልሰዋል፤ ኮፍያው፣ ባንዲራው፣ መድፉን ወደ ሰማይ የሚተኩሰው። ከብዛታቸው የተነሣ ጌሙ ይንቀረፈፍ ጀመር።

«እነዚህ ሁሉ ባለፈው ወር የት ነበሩ?» አለ ሰውየው። ድምፁ ተቆጥቶ ነበር።

«ለቀስተኞች ናቸው» አለች እታለም። «ምን ታደርገዋለህ።»

ባለ ስምንት እግሩ አውሬ ሲወጣ ሁሉም መርከብ አብሮ ተኮሰ። ሾፌሩ እያንዳንዱን ጥይት ሲለቅ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ ይጸልይ ይቁጠር አላውቅም። አውሬው ሰመጠ። ማዳም እታለምን አቅፋ ሳመቻት፤ ሁለቱም ወዲያው አፈሩና ነጠላና ሻርፓቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ሰዓቱ ደረሰ። አልተዘጋም። ስልኮቻችንን ከበን ጠበቅን። አሁንም አልተዘጋም። ሾፌሩ ቀስ ብሎ «ጸሎት ተሰምቷል» አለ።

«የሚዘጋውን ሰው አሰናብተውት ይሆናል» አለ ሰውየው፣ እያሰበ። «ማን እንደሚዘጋው ምናልባት ማንም አልተነገረውም።»

ብዙ ቆየን። መጠበቁ ሰልችቶን መጫወት ጀመርን፤ መጫወቱም ሰለቸንና ማውራት ጀመርን። ማዳም «እንግዲያው ሻይ ላምጣ» ብላ መንገድ ተሻግራ ሄደች። ከረክ የሚሉትን የወተት ሻይ በካርቶን ይዛ ስትመለስ የአራታችንም ስክሪን ነጭ ሆኖ ነበር። የአንዲት ሻይ ጊዜ።

«ምን ሆነ? እኔ ሳልኖር?» አለች። ሻዩን እንዳንቀበላት ፊቷ አስፈራን። «ምን ይመስል ነበር?»

ሾፌሩ «ምንም አይመስልም ማዳም። ብቻ ነጭ ሆነ» አላት።

«ድምፅስ?»

«አልነበረውም።»

አላመነችንም። እስከ ዛሬ የሆነ ነገር እንደደበቅናት ታስባለች። ሻዩን ጠጣን፤ ጥሩ ሻይ ነበር።

ሰውየው በኋላ የአትክልት ዘር በሚሸጥ ድርጅት ሥራ እንዳገኘ ነገረኝ፤ ጥርሱን ለማሳጠብ መጥቶ ነው። እኔ አውቶቡስ ላይ ለጥቂት ሳምንት የት ማየት እንዳለብኝ ጠፍቶኝ የአውቶቡስ ነጂውን ማጅራት ሳይ ከረምኩ፤ አንድ ቀን ከጎኔ ያለችው ሴት ወሬ ጀመረችልኝና አሁን ስለ ባሏ የማላውቀው ነገር የለም።

የሚርዲፉ ቤት ነው ጸጥ ብሎ ያስቸገረው። ከሥራ መልስ ማዳም ሳሎን ትቀመጥና ምንም የምትጮህበት ነገር የላትም። በሦስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ እታለም የእንቁላል መያዣ ካርቶን ቆርጣ፣ የቴምር ፍሬ አጥባ አድርቃ ገበጣ አስተማረቻት። ማዳም ደንቡን ቶሎ ያዘችው። አሁን ሾፌሩ ዳኛ ሆኖ መካከላቸው ይቀመጣል፤ እኔም ዕረፍቴ ሲገጥም እሄዳለሁ። ባለፈው ጊዜ ማዳም ስትነሣ ከአባያዋ ሥር ሁለት የቴምር ፍሬ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሾፌሩ አየ፤ እታለምም አየች። ማዳም ድመቷን ተመለከተች።

«ድመቷ ናት» አለች።

ሾፌሩ ድመቷን ከጨዋታው አስወጣት።